አዲስ የምክር ቤት አባል ለሆናችሁ፦ ከአጀንዳ እስከ ቃለ ጉባኤ

ወሎ ውስጥ ተሰብስቦ መምከር ለማንም አዲስ አይደለም። ቅሬ (የእኛ አገር ዕድር) ላይ ቁጭ ብሎ ያልተከራከረ አባወራ ማግኘት ይከብዳል። አበጋር በሚባለው ባህላዊ አስታራቂ ፊት ቆሞ ነገሩን ያስረዳ፣ ደመኛ ያስታረቀ ሽማግሌ ሞልቷል። ወደ ራያ ቆቦ ስትሄዱ ደግሞ ዘወልድ የሚባል የሽምግልና ሥርዓት አለ። እንዲህ አንደበቱ የተፈታ ሰው ለወረዳ ወይም ለከተማ ምክር ቤት ሲመረጥ ግን አዳራሹ ውስጥ ጭጭ ይላል። ነገር ጠፍቶት አይደለም። ሥርዓቱ ሌላ ስለሆነበት ነው። ቅሬ ላይ ሰው እስኪስማማ ይወራል። ምክር ቤት ላይ ሰዓት አለ፣ አጀንዳ አለ፣ መጨረሻ ላይ እጅ ይቆጠራል።

ይህን የምጽፈው ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ይሁን ወልድያ፣ ደላንታም ይሁን ቦረና፣ ወንበር ይዞ ገና ግራ ለገባው አባል ነው። ከሁሉ አስቀድማችሁ አንድ ነገር ያዙልኝ። አዳራሽ ውስጥ የተናገራችሁት ነገር ዋጋ የሚኖረው ቃለ ጉባኤ ላይ ሲሰፍር ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የሚያደርሱት ወደዚያ ነው፤ የላካችሁ ሰው ጥያቄ ወረቀት ላይ እንዲያርፍ።

1. ደንቡን እጃችሁ አስገቡ

እያንዳንዱ ምክር ቤት የአሠራርና የአባላት ሥነ ምግባር ደንብ አለው። ከመጀመሪያው ጉባኤ በፊት ወደ ምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሂዱና ቅጂ ጠይቁ። "አንድ ብቻ ነው ያለን" ቢሏችሁ ፎቶ ኮፒ አስነሡ፤ ወይም በስልካችሁ ገጽ በገጽ አንሡት። ደንቡን ያልያዘ አባል ሌላ ሰው በነገረው ሲመራ ይኖራል።

መጀመሪያ አምስት ነገር ፈልጉበት። ምልዓተ ጉባኤ፣ ማለትም ጉባኤው እንዲከፈት መገኘት ያለበት ሰው ብዛት፣ የሚሞላው በስንት ሰው ነው? አንድ ሰው ስንት ደቂቃ ይናገራል? አጀንዳ የሚያስይዘው ማነው፣ ከስንት ቀን በፊት? አስቸኳይ ጉባኤ በማን ጥያቄ ይጠራል? ድምፀ ተዓቅቦ እንዴት ይቆጠራል? የቀረውን ቀስ ብላችሁ ታነቡታላችሁ።

ከደንቡ ጎን የ1987ቱን ሕገ መንግሥት አስቀምጡ። አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት ለሦስት ነገር ተገዢ ናቸው ይላል፦ ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለህሊናቸው። እዚያው ላይ አንድ አባል ምክር ቤት ውስጥ በሰጠው ድምፅ ወይም አስተያየት እንደማይከሰስ፣ አስተዳደራዊ ርምጃም እንደማይወሰድበት ተጽፏል። ይህ የተጻፈው ለፌዴራሉ ምክር ቤት ነው። የእናንተን በ1994 ዓ.ም. በተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥትና በራሳችሁ ደንብ ላይ ፈልጋችሁ አንብቡት።

ይህ ጥበቃ ለወሎ ሰው ተራ ነገር መሆን የለበትም። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ 4ኛ ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ታላቅ የሃይማኖት ጉባኤ ጠርተው ነበር። ክርክር ተደረገ፣ ፍርድ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ የተረታው ወገን ሐሳቡን ይዞ እንዲኖር አልተፈቀደለትም። የወሎ ሙስሊምም ሃይማኖቱን እንዲለውጥ ተገደደ። የተሸነፈ ሐሳብ የያዘ ሰው ከጉባኤ በሰላም ወደ ቤቱ እንዲመለስ የሚያደርግ ሕግ የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ፣ ከዚያ ሜዳ በላይ የሚያስረዳ ቦታ አላውቅም።

2. ከጉባኤው በፊት ባሉት ቀናት

ጥሪው ሲደርሳችሁ የአጀንዳውን ዝርዝርና ሪፖርቱን አብራችሁ ጠይቁ። ሪፖርቱ ሲመጣ ከፊት አትጀምሩ። የፊቱ ገጽ መግቢያና ምስጋና ነው። ሰንጠረዡን ፈልጉ። "ዕቅድ" እና "ክንውን" የሚሉትን ሁለት ዓምዶች ብቻ ተከተሉ። ሰፊ ልዩነት ያለበትን ቁጥር በእስክሪብቶ ክበቡት። ዕቅዱ መቶ በመቶ ተሳክቷል የሚለውንም ክበቡት፤ በዓይናችሁ ሄዳችሁ የምታዩት እሱን ነውና።

ቀጥሎ ወደ ሕዝቡ ውረዱ። ለዚህ የተለየ ስብሰባ መጥራት አያስፈልግም። የገበያ ቀን አለ፣ የቅሬ ቀን አለ፣ ከጁምዓ በኋላ መስጊድ ደጃፍ፣ ከቅዳሴ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አለ። "ጉባኤ አለብኝ፣ ምን ልንገርላችሁ?" በሉ። ሰው አሥር ነገር ይነግራችኋል። ሦስቱን ምረጡ። ከሦስት በላይ ይዞ የገባ አንዱንም በቅጡ አይጠይቅም።

የበጀት ጉባኤ ከሆነ ጥንቃቄው ይበልጣል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምርና ሰኔ 30 ይዘጋል። በጀት የሚጸድቅበትን ጉባኤ ቀርታችሁ ጥቅምት ላይ "ለመንገዳችን ብር ለምን አልተያዘም?" ብትሉ የሚሰማችሁ የለም። ሰነዱ ላይ መደበኛውንና ካፒታሉን ለዩ። ደመወዝና ሥራ ማስኬጃው ስንት ወሰደ? ለግንባታና ለጥገና ስንት ቀረ? የእናንተ ቀበሌ ስም የትኛው መስመር ላይ አለ? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ለመመለስ የሒሳብ ባለሙያ መሆን አይጠበቅባችሁም።

3. የጉባኤው ጠዋት

በሰዓቱ ድረሱና ፈርሙ። ፈርሞ መውጣት ግን ነውር ነው። ምልዓተ ጉባኤ ማለት የፊርማ ብዛት ሳይሆን አዳራሽ ውስጥ ያለ ሰው ነው። በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሲገኙ ነው። ተመሳሳይ ደንብ ያለው፣ ለምሳሌ 90 አባላት ያሉት ምክር ቤት 46 ሰው ሲገኝ ጉባኤውን ይከፍታል። ውሳኔው በተገኙት አብላጫ ከሆነ 24 ሰው የወረዳውን በጀት ሊያጸድቅ ይችላል ማለት ነው። መቅረት ምን እንደሚያስከፍል እዚህ ላይ ታዩታላችሁ።

አፈ ጉባኤው አጀንዳውን አንብቦ "የሚጨመር፣ የሚቀነስ አለ?" ሲል ብዙ ሰው ገና ወንበር እያመቻቸ ነው። ያቺን ደቂቃ ጠብቋት። አጀንዳ የሚጨመረው፣ ቅደም ተከተል የሚቀየረው ያኔ ነው። ከጸደቀ በኋላ የምታነሡት ሁሉ "ከአጀንዳ ውጭ ነው" ይባላል፤ ባዩም ልክ ነው። ሪፖርቱ በር ላይ የታደላችሁ ጠዋት ከሆነም እዚሁ ላይ እጅ አውጡና "ሰነዱን ለማንበብ ጊዜ ይሰጠን" በሉ። ጨዋ ጥያቄ ነው። የምትጸጸቱበትም አይደለም።

ስለ ቅደም ተከተሉ አንድ የእኛ አገር ነገር ልጨምር። ጉባኤው ዓርብ ላይ ከዋለ ግማሹ አባል ለጁምዓ ይወጣል። የሚያከራክር ውሳኔ ከስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ላይ እንዳይወድቅ አጀንዳው ሲጸድቅ ተናገሩ። የቀኑ መጨረሻም እንዲሁ ነው። ከሩቅ ቀበሌ የመጣ አባል መኪና እንዳያመልጠው ዓይኑ በር በሩን ያያል። በጀትና ሹመት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከቀረበ ያለ ውይይት ያልፋል። ከባዱ ነገር ጠዋት ይቅደም። ምሳ የሚያዘጋጀውም የሙስሊሙንና የክርስቲያኑን ሥጋ እንደ አገራችን ልማድ ለየብቻ ያድርግ፤ የጾም ቀን ከሆነም ያስብበት። ተቀይሞ የተቀመጠ ሰው አይወያይም።

4. አነጋገር

እጅ አውጡ፣ ስማችሁ እስኪጠራ ጠብቁ፣ ከዚያ ተነሡ። ንግግሩ ሁልጊዜ የሚሄደው ወደ አፈ ጉባኤው ነው። "የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ አመሰግናለሁ" ብላችሁ ጀምሩ። ለመምሪያ ኃላፊው የምትሉትንም በአፈ ጉባኤው በኩል በሉት። "አንተ እኮ ቃል ገብተህ ነበር" ብሎ ፊት ለፊት መጋጠም አይፈቀድም። "የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ ኃላፊው ባለፈው ጉባኤ ቃል ገብተው ነበር" ይባላል። ነገሩ ያው ነው፤ ጠቡ ግን ይቀራል።

ውጭ "አያ" የምትሏቸው፣ "ሼህ" ወይም "ቄስ" ብላችሁ እጅ የምትነሡአቸው ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ይኖራሉ። እዚያ ሁሉም "የተከበሩ የምክር ቤት አባል" ነው። ቅሬ ላይ ታላቅ እያለ ታናሽ አይቀድምም። ምክር ቤት ላይ ቀድሞ እጁን ያወጣ ይቀድማል። በተለይ ሴት አባላት ይህን አጥብቃችሁ ያዙ። "ወንዶቹ ይጨርሱ" ብላችሁ ስትጠብቁ ሰዓቱ ያልቃል። ተራችሁ ከታለፈ "የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ ቀድሜ እጅ አውጥቼ ነበር" ማለት ድፍረት አይደለም።

የእኛ ሰው ከነገሩ በፊት ምርቃትና ምስጋና ይወዳል። ደስ የሚል ልማድ ነው። ጉባኤው ሲከፈት ሽማግሌ ቢመርቅ እኔም አሜን እላለሁ። የተሰጣችሁ አምስት ደቂቃ ግን ምርቃቱ ላይ ካለቀ የላካችሁ ሕዝብ ባዶ እጁን ይቀራል። አንድ ዓረፍተ ነገር አመስግኑና ወደ ነገሩ ግቡ።

ስድብ፣ በሃይማኖትና በብሔር መነካካት፣ የሰውን የግል ገመና ማውጣት ክልክል ነው። ስልክ ይጠፋል። ሰው ሲናገር በፊቱ አይታለፍም። ይህን ማብራራት አያስፈልግም።

5. ጥያቄ አጠያየቅ

ከሁሉም በላይ ቁም ነገሩ እዚህ ነው። ምክር ቤት አስፈጻሚውን የሚቆጣጠረው በጥያቄ ነው። ብዙ ጥያቄ ግን ጥያቄ ሳይሆን ሮሮ ሆኖ ይቀራል። ልዩነቱን አንድ ምሳሌ ላይ እንየው።

አንዱ አባል ይነሣና እንዲህ ይላል፦ "በቀበሌያችን የውኃ ችግር አለ። ሕዝቡ እየተቸገረ ነው። ትኩረት ቢሰጠው።" ኃላፊው ይመልሳል፦ "ለውኃ ልዩ ትኩረት ተሰጥቶ እየተሠራ ነው።" አለቀ። ሁለቱም ትኩረት አሉ፣ ሁለቱም ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤው ላይ "በውኃ ዙሪያ አስተያየት ተሰጥቷል" ተብሎ ይጻፋል።

ሌላው አባል ደግሞ እንዲህ ይላል፦ "የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ አመሰግናለሁ። ጥያቄዬ ለውኃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊው ነው። ዕቅዱ በቀበሌያችን 4 የእጅ ፓምፖች ይጠገናሉ ይላል። ሪፖርቱ ገጽ 14 ላይ አራቱም ተጠግነዋል ይላል። ባለፈው ሳምንት ሄጄ አይቻለሁ፤ ውኃ የሚሰጠው አንዱ ብቻ ነው። አንደኛ፣ የሦስቱን ጥገና ማን ተረከበ፣ መቼ? ሁለተኛ፣ ስንት ብር ወጣበት? ሦስተኛ፣ ሦስቱ ፓምፖች በየትኛው ቀን ውኃ ይሰጣሉ?"

ይህን "ትኩረት ተሰጥቶታል" ብሎ ማለፍ አይቻልም። ገጽ አለው፣ ቁጥር አለው፣ የዓይን ምስክር አለው፣ የሚጠይቀውም ስም፣ ብርና ቀን ነው። አንድም ክፉ ቃል የለበትም። እንዲህ አድርጋችሁ ሦስቱንም ጥያቄዎቻችሁን ከቤት ጽፋችሁ ኑ። ስትቆሙ አንብቡት። ከወረቀት ማንበብ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ቀጥሎ የሚመጣውን እወቁት። አፈ ጉባኤው ጥያቄ የሚሰበስበው በዙር ነው። አሥር ሰው ይጠይቃል፣ ኃላፊው ባንድ ላይ ይመልሳል። በዚህ መሐል ከባዱ ጥያቄ ይዘለላል፤ አንዳንዴ ሆን ተብሎ፣ አንዳንዴ ተረስቶ። ስለዚህ መልሱ ሲሰጥ ወረቀታችሁን ይዛችሁ አዳምጡ። የተመለሰው ላይ ምልክት አድርጉ። ሲጨርስ እጅ አውጡ፦ "የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ ሁለተኛው ጥያቄዬ አልተመለሰም።" "በቅርቡ ይጠናቀቃል" ከተባለም "ቀኑ ይነገርልኝ፣ ቃለ ጉባኤም ላይ ይያዝልኝ" በሉ። "አሁን መረጃው በእጄ የለም" የሚል መልስ ከመጣ ቅን መልስ ነው፤ ተቀበሉት። በስንት ቀን በጽሑፍ ለቋሚ ኮሚቴው እንደሚቀርብ ግን አስወስኑ። ቋሚ ኮሚቴዎቹ በጉባኤዎች መሐል ሥራውን እየተከታተሉ ይቆያሉ። የእናንተን ጉዳይ ወደየትኛው ኮሚቴ እንደሚመራ ካወቃችሁ ቀጣዩን ጉባኤ መጠበቅ አይኖርባችሁም።

6. "ሥነ ሥርዓት!"

እጅ አውጥታችሁ "ሥነ ሥርዓት" ስትሉ የሚናገረው ሰው ንግግሩን ያቆማል፣ አፈ ጉባኤውም ይሰማችኋል። ትልቅ መብት ስለሆነ በጥንቃቄ ተጠቀሙበት። ወሬው ከአጀንዳ ሲወጣ፣ አዳራሹ ሳስቶ ምልዓተ ጉባኤ ሲጎድል፣ ሰው ሲሰደብ፣ ድምፅ ሳይሰጥ "ጸድቋል" ሲባል ያን ጊዜ ነው ቦታው። የትኛው የደንቡ አንቀጽ እንደተጣሰ ተናግራችሁ ተቀመጡ። የሰውን ሐሳብ ስላልወደዳችሁ "ሥነ ሥርዓት" ካላችሁ በሚቀጥለው ጊዜ እውነተኛ ጥሰት ስታነሡ የሚያምናችሁ ታጣላችሁ።

7. የውሳኔ ሐሳብና ማሻሻያ

ረቂቅ ውሳኔ ሲቀርብ ሁለት ምርጫ ብቻ ያለ ይመስላል፦ መደገፍ ወይም መቃወም። ሦስተኛው መንገድ ማሻሻል ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚጠቅመው እሱ ነው። ማሻሻያ የሚቀርበው በደፈናው አይደለም። "ይህ ነገር ቢስተካከል" ማለት ማሻሻያ አይባልም። እንዲህ በሉ፦ "ተራ ቁጥር 3 ላይ 'በተቻለ ፍጥነት' የሚለው ወጥቶ 'እስከ ሚያዝያ 30' በሚል ይተካ።" የሚወጣውን ቃል፣ የሚገባውን ቃል፣ ቦታውን ጥሩ። በወረቀት ጽፋችሁ ለጸሐፊው ስጡት። የሚደግፋችሁን ሰው በዕረፍት ሰዓት፣ ሻይ ላይ አናግሩት። ይህ ሴራ አይደለም፤ የምክር ቤት ሥራ ነው። ደንባችሁ ደጋፊ እንዲኖር የሚጠይቅ ከሆነ ስንት ሰው እንደሚያስፈልግ አስቀድማችሁ እወቁ። ድምፅ መጀመሪያ የሚሰጠው በማሻሻያው ላይ ነው፤ ከዚያ በተሻሻለው ሙሉ ረቂቅ ላይ።

8. ድምፅ ሲሰጥ

ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ ድምፀ ተዓቅቦ። ሦስቱም ይጠራሉ፣ ሦስቱም ይቆጠራሉ፣ ቁጥሩ ይነገራል። ችግር የሚመጣው ፈጠን ተብሎ "የሚቃወም አለ? የለም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!" ሲባል ነው። የምትቃወሙ ከሆነ እጃችሁን ቀድማችሁ፣ ከፍ አድርጋችሁ አውጡ። እስኪቆጠር አታውርዱ። ብቻችሁን ብትሆኑም "ልዩነቴ ይመዝገብልኝ" በሉ። አምስት ዓመት ቆይቶ የሚጠይቅ መራጭ ቢመጣ የሚያነበው እሱን መስመር ነው።

ድምፀ ተዓቅቦ መሸሸጊያ እንዳይሆን። መረጃው ሳይበቃችሁ ሲቀር ያስኬዳል። ጉዳዩ የራሳችሁን መሬት፣ የወንድማችሁን ሹመት፣ የሸሪካችሁን ሥራ የሚነካ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ተናገሩና ከውይይቱም ከድምፁም ውጡ። ትንሽ ወረዳ ውስጥ ዘመድ ያልሆነ ሰው ጥቂት ነው፤ ለዚህም ነው መናገሩ የሚያስከብረው።

ሹመት ሲቀርብ ብዙ ስም ባንድ ጥቅል ይመጣል። ስለ አንዱ ጥያቄ ካላችሁ "በእያንዳንዳቸው ላይ ለየብቻ ድምፅ ይሰጥ" ብላችሁ ጠይቁ። አንዱን ለመቃወም አምስቱን መቃወም፣ አምስቱን ለመደገፍ አንዱን መዋጥ የለባችሁም።

ከእናንተ መሐል አፈ ጉባኤ ለሚሆነው ደግሞ አንድ ቃል። መድረኩ ላይ ተቀምጦ አስተያየት እየሰጡ መምራት አይቻልም። በጉዳዩ ላይ የግድ መናገር ካለባችሁ ወንበሩን ለምክትሉ አስረክቡና ከአባላቱ መሐል ሆናችሁ ተናገሩ። አስፈጻሚው ሲጠየቅም ቀድማችሁ መልስ አትስጡለት።

9. ቃለ ጉባኤ

ጉባኤው ሲያልቅ ሥራው ግማሽ ላይ ነው። በሚቀጥለው ጉባኤ መክፈቻ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበባል ወይም ይታደላል፣ ከዚያ ይጸድቃል። ይህ ብዙ ሰው የሚያንቀላፋበት ሰዓት ነው። እናንተ የያዛችሁትን ማስታወሻ አውጡና አስተያዩ። ጥያቄያችሁ በስማችሁ አለ? ኃላፊው የገባው ቀን ተጽፏል? የድምፅ ቁጥሩ ትክክል ነው? የጎደለ ካለ ከመጽደቁ በፊት "እንዲህ ተብሎ ነበር፣ ይስተካከል" በሉ። ከጸደቀ በኋላ የእናንተ ትዝታ ብቻውን ዋጋ የለውም።

የጸደቀውን ቃለ ጉባኤ ቅጂ ውሰዱ። ቀኑ የተቆረጠለትን ሁሉ በአንድ ደብተር ላይ ለዩት፦ ጉዳዩ፣ ቃል የገባው ኃላፊ፣ ቀኑ። በሚቀጥለው የገበያ ወይም የቅሬ ቀን ለጠየቋችሁ ሰዎች አንብቡላቸው። ቀኑ ሲደርስ ፓምፑ ድረስ ሂዱ። እጀታውን ራሳችሁ ገፍታችሁ ሞክሩት፣ ውኃ ከሰጠ ደብተሩ ላይ ጻፉ፣ ካልሰጠ ለቋሚ ኮሚቴው በጽሑፍ አስታውቁና ለቀጣዩ ጉባኤ አጀንዳ አስይዙ።